ስትሮክ በጉራጌ፦ ከቃሬዛ እስከ ሲቲ ስካን

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲፈነዳ የሚከሰት ሕመም ነው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ስለሚጀምር፣ በእሱ ሲታዘዝ የነበረው እጅ፣ እግር ወይም አንደበት ይሰንፋል። በዚህ ሕመም ታሪክ የታማሚውን ዕጣ ሲወስኑ የኖሩት ምልክቱን ለይቶ ማወቅና በጊዜ ሕክምና ማግኘት ናቸው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት የዚህ ሕመም ታማሚ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ሕመሙ ደጋግሞ ከጎበኛቸው በኋላ፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። የጥቅምት 1902 ዓ.ም. ሕመም ግን ከቀደሙት ሁሉ የከፋ ነበር፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ባላቸውን እያስታመሙ መንግሥቱንም የያዙት እቴጌ ጣይቱ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መኳንንቱ ተነሥተውባቸው በማስታመሙ ብቻ እንዲወሰኑ ተደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአራት ዓመት በላይ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በዘመኑ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም፤ የደም ግፊትን በሚገባ የሚያወርድ መድኃኒትም ገና አልተገኘም።

በጉራጌ ገጠር ደግሞ በድንገት አፉ የተጣመመ ወይም ግማሽ ጎኑ የሰነፈ ሰው መጋኛ መታው፣ ምች አገኘው ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚል አለ። ቤተሰብ ጸበል ይወስደዋል፣ ወጌሻ ይጠራለታል። ሐኪም ጋ የሚሄድ ቢኖር እንኳ መንገዱ በቃሬዛ ነበር። ይህን የመንገድ ችግር የለወጠው የጉራጌ ሕዝብ የራሱ ጥረት ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች መዋጮ እየሰበሰበ፣ በእንሰት የተከበቡትን መንደሮች ከዋናው የጅማ መንገድ ጋር ማገናኘት ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የካቶሊክ መነኮሳት በወልቂጤ አቅራቢያ የአጣጥ ሆስፒታልን ከፈቱ።

ሕመሙ በአካባቢው በቁጥር የተመዘገበው በቡታጅራ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በከተማዋ ዙሪያ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን ስለ ነርቭ ሕመሞች አጠኑ። በአብዛኛው በስትሮክ ምክንያት ግማሽ ጎናቸው የሰነፈ ሰዎች ከ100,000 ሰው 15 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የሚጥል በሽታ በአንጻሩ 520 ነበር። ቁጥሩ ሲነበብ ግን ጥናቱ የቆጠረው በሕይወት ያሉትን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተ ታማሚ በእንዲህ ያለ ቆጠራ አይገባም።

በዓለም ደረጃ ሕክምናውን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ሲቲ ስካን ደም የረጋበትን አንጎል ደም ከፈሰሰበት ለመለየት አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ደግሞ የሰዓትን ዋጋ አሳየ፤ በአሁኑ አሠራር መድኃኒቱ በአብዛኛው ምልክቱ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ደም ለፈሰሰበት ሰው ግን አደገኛ ስለሆነ ምርመራው ይቀድማል። ታማሚው ለዚህ ምርመራ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ፣ ከወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጉራጌዋ ጉንችሬ ከተማ ደግሞ ከወልቂጤም ወዲያ ናት። ስለዚህ ለጉንችሬ ሰው ቤት ውስጥ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ከዚህች ጠባብ ጊዜ ላይ ይቀነሳል።

ምልክቶቹ ያለ መሣሪያ ይታያሉ። ታማሚው ፈገግ ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ሲያነሣ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲናገር ምላሱ ይተሳሰራል ወይም የሚለው አይገባም። ድንገተኛ የዓይን መጋረድ፣ ሚዛን መሳትና ከዚህ በፊት ያልታወቀ ከባድ ራስ ምታትም ከምልክቶቹ ናቸው። በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ ምልክት ትልቁ ሊከተል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ስለሆነ “ተሻለኝ” ብሎ መቅረት አይገባም። ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት ይያዛል፤ መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ምግብም ውኃም አይሰጥም፤ ሐኪም ሳያዝ አስፒሪን አይዋጥም።

ማገገም የሚጀምረው ገና ሆስፒታል ሳለ ነው። ለውጡ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላም ቀስ እያለ ይቀጥላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየው እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይደገማል። ታማሚው በሰነፈው እጁ ባዶ ሲኒ ይዞ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፤ ጣቶቹ ሲጠነክሩ ቁልፍ መቆለፍ ይሞክራል። መገላበጥ ያቃተው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየራል። ሲመገብ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ የሚያስለው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገራል። መናገር ያቃተው ሰው ማስተዋል እንዳላቃተው ቤተሰቡ ሊያውቅለት ይገባል፤ ብዙዎች በኋላ የሚወድቁበት ትካዜም ራሱ ሕክምና አለው።

አንድ ጊዜ ስትሮክ የያዘው ሰው ዳግም የመታመም ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ዋናው ምክንያት የደም ግፊት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ስሜት ይቆያል። በጤና ጣቢያ የሚደረግ የግፊት ልኬት ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። መድኃኒቱን ደህና ነኝ ብሎ ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መተውና ስኳርን መከታተል ሁለተኛውንም የመጀመሪያውንም ስትሮክ ለመከላከል ይረዳሉ።