ግማሽ ቶን ስንት ኩንታል ነው?

ሰኔ ሲቃረብ እዚህ አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ወደ ጋራዤ የሚመጣው ያገሬ ሰው ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ካምፐር ልገዛ ነው። ለመጎተቻ ኤፍ-150 ይበቃኛል ወይስ 250 ልግዛ?» መልሱን ከመስጠቴ በፊት የቁጥሮቹን ታሪክ የማውራት አመል አለብኝ። አንዳንዱ ሰዓቱን እያየ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ አመሌን ስለሚያውቅ ቡና ይዞልኝ ይመጣል። ታሪኩን ሳያውቁ መኪና መግዛት ይቻላል፤ ሻጩ የሚጠራውን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ሳያውቁ ግን መደራደር ይከብዳል። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የፊያት «ኤንትሬ» ከነተሳቢው በሚገባበት ጋራዥ ነው። እዚያ የጭነት መኪና አቅም የሚነገረው በኩንታል ነው። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ባለ ዕቃውም ያውቀዋል፤ ባሌስትራው ከጎበጠ ማን ከልክ በላይ እንደጫነ አይጠፋም። አሜሪካ ስመጣ «ግማሽ ቶን» የሚሉት ፒክአፕ ሰባትና ስምንት ኩንታል ተሸክሞ ሲሄድ አየሁ። በአሜሪካኖቹ ቶን ግማሽ ቶን 1,000 ፓውንድ ማለት ነው፤ 454 ኪሎ፣ አራት ኩንታል ተኩል። ማንም ግን ስሙን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ስሙና ጭነቱ የሚገናኙበት ዘመን ነበር። ድሮ ገበሬው የሞዴል ቲ መኪናውን ኋላ ነቅሎ የእንጨት ሳጥን ይገጥምበት ነበር። ፎርድ ይህን አይቶ በሚያዝያ 1925 ከፋብሪካው የብረት መጫኛ የተገጠመለትን ሞዴል ቲ በ281 ዶላር ለገበያ አወጣ። ጉልበቱ 20 ፈረስ ብቻ ነበር። ከዚህ የከበደ ጭነት ላለው ደግሞ ባለ አንድ ቶኑ ሞዴል ቲቲ ከ1917 ጀምሮ ነበረ። በ1948 ፎርድ መኪኖቹን ከኤፍ-1 እስከ ኤፍ-8 ደረጃ ሰጣቸው፤ ኤፍ-1 ግማሽ ቶን፣ ኤፍ-2 ሦስት አራተኛ ቶን ነበር። በ1953 ቁጥሮቹ 100፣ 250፣ 350 ሆኑ። ሼቭሮሌና ዶጅም የየራሳቸውን ቁጥር አወጡ። ገዢው ገበሬ፣ አናጢና የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ የሚጭነውን ያውቃል፣ ቁጥሩንም በዚያው ልክ ይመርጣል።

ይህን ያፈረሰው ተሳቢ ቤት ነው። ዋሊ ባያም የሚባል ሰው በ1930ዎቹ ኤርስትሪም የሚባለውን፣ በአሉሚኒየም የተለበጠውን ካምፐር መሥራት ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደንበኞቹን በቅፍለት እየመራ አገር ማሳየት ልማዱ ሆነ። በ1959 41 ተሳቢዎች አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። ይህን ስደርስ ሰዓቱን የሚያየው ደንበኛዬ ሳይቀር ቀና ይላል፤ ምክንያቱም ቅፍለቱ በኬንያ በኩል ኢትዮጵያ ገብቷል፣ አዲስ አበባ ሲደርስም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለውታል። አብሯቸው የተጓዘው ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ፒት ተርነር ኋላ በሙያው ስመ ጥር ሆነ። ያኔ ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ አስፋልት አልነበረም። ጭቃና ኮረኮንች ላይ ቤት እየጎተተ ለሚሄድ መኪና የሞተር ጉልበት ሁለተኛ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሚፈተነው ሻንሲው፣ አክሰሉ፣ ባሌስትራውና ራዲያተሩ ነው። የኛ አገር ሹፌር ይህን የሚነግረው አላስፈለገውም። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ግን ሸማቻቸው የሚጭነው እህልና ጣውላ ሳይሆን አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን እየሆነ መምጣቱን የተረዱት በነዚያ ዓመታት ነው።

በ1960 ደራሲው ጆን ስታይንቤክ አገሩን ሊዞር ሲነሣ ያዘዘው ሦስት አራተኛ ቶን ጂኤምሲ ፒክአፕ ነበር፤ በላዩ ትንሽ ቤት አስጫነበት፣ ስሙንም በዶን ኪሆቴ ፈረስ ሮሲናንቴ አለው። መኪናው ዛሬ በካሊፎርኒያ፣ ሳሊናስ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ሰውዬው ደራሲ እንጂ መካኒክ አልነበረም፤ ቢሆንም ግማሽ ቶን አለማዘዙን ሳይ ከብዙ ደንበኞቼ የተሻለ አስቧል እላለሁ። ብዙም ሳይቆይ ፎርድና ሼቭሮሌ «ካምፐር ስፔሻል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ሦስት አራተኛ ቶኖች ማውጣት ያዙ፤ ወፈር ያለ ባሌስትራ፣ ሰፋ ያለ ራዲያተር የተገጠመላቸው። በ1973 ጄኔራል ሞተርስ ከኋላ ድርብ ጎማ ያለውን፣ በኛ አነጋገር ደብል ጋቢና የሆነውን ባለ አንድ ቶን ጨመረ። የዛሬው ሄቪ ዱቲ፣ ማለትም ከግማሽ ቶን በላይ ያለው ከባዱ ፒክአፕ፣ አባቱ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ሕግ መጽሐፍ ይገባል፤ እኔም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ለ1975 ሞዴሎች የወጣው የጭስ ሕግ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደታቸው፣ ማለትም መኪናው፣ ሰዉና ጭነቱ ተደምሮ፣ እስከ 6,000 ፓውንድ የሆኑ ፒክአፖችን ይይዝ ነበር። የተያዘው መኪና ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል፤ ኮንቨርተር ያለው ደግሞ እርሳስ የሌለበትን፣ ወደድ ያለውን ቤንዚን ብቻ ይጠጣል። ፎርድ ምን አደረገ? በኤፍ-100ና በኤፍ-250 መካከል ከ6,000 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ አዲስ መኪና አስገባ። ስሙ ኤፍ-150 ነው። ሼቭሮሌም «ቢግ 10» ብሎ ተከተለ። ዛሬ በየመንገዱ የምታዩት፣ ብዙዎቻችሁ ለካምፒንግ የተፈጠረ የሚመስላችሁ መኪና የተወለደው የሕግ መስመር ለመሻገር ነው። መንግሥትም አልተኛም፤ ከ1979 ሞዴሎች ጀምሮ መስመሩን ወደ 8,500 ፓውንድ ገፋው። ያኔ ኤፍ-150 የቆመበት ምክንያት ጠፋ፤ መኪናው ግን ገበያ ስላገኘ ቀረ፣ ከ1983 በኋላ የተሰናበተው ኤፍ-100 ነው። የ8,500ው መስመር ሌላም ነገር ትቶልናል። ከዚያ በላይ የሆነ ፒክአፕ በጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ የሚገልጸውን ወረቀት መስኮቱ ላይ የመለጠፍ ግዴታ የለበትም። ሄቪ ዱቲ ስትገዙ የነዳጁን ነገር ሻጩን ብትጠይቁት ትከሻውን የሚነቀንቀው ለዚህ ነው።

ናፍታ ፒክአፕ ውስጥ የገባው በመጥፎ እግሩ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1978 የኦልድስሞቢልን 5.7 ሊትር የናፍታ ሞተር ግማሽ ቶን ላይ ሰቀለ። የቴስታታው ቡሎኖች የናፍታን ግፊት አልቻሉትም፣ ነዳጁ ውስጥ የገባ ውሃ የሚለይ ማጣሪያም አልነበረውም። አሜሪካዊው ገዢ ናፍታን ለዓመታት ጠላ። ስሙን ያደሰለት በ1989 ሞዴል ዶጅ ላይ የተገጠመው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ፣ 5.9 ሊትር ከሚንስ ነው። ጉልበቱ 160 ፈረስ ብቻ ቢሆንም የማዞር ኃይሉ (ቶርኩ) 400 ፓውንድ-ጫማ ነበር፤ ያውም በዝቅተኛ ዙር። ግማሽ ቶኑ ላይ አልተገጠመም፤ የተሰጠው ለ250ና ለ350 ነው። ከባዱ መኪና የራሱ ሞተር፣ የራሱም ወዳጅ ያገኘው ያኔ ነው። በኤንትሬ ላደገ መካኒክ ይህ ሁሉ ግርግር ትንሽ ያስቃል፤ ናፍታ ዳገት ላይ ያለውን ትዕግሥት እኛ ከፊያት ተምረነዋል።

ዳገት ካነሣሁ አይቀር። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አይ-70 በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ሲያልፍ 3,401 ሜትር ይደርሳል። ዋሻው በ1973 ተከፍቶ የካምፐሩን ሕዝብ ወደ ተራራው ማዶ አሻገረው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሲሶው ሄዷል። አዲስ አበባ የነዳ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ፍሬን ሲጋል እንዴት እንደሚሸት አይረሳውም፤ ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደውም ሰባት በመቶ ያጋድላል፣ ፍሬን ለጠፋበት ከባድ መኪና መግቢያ የአሸዋ መንገድ ተዘጋጅቶለታል። የዛሬ ናፍታ ሄቪ ዱቲዎች በጭስ ማውጫው በኩል ሞተሩን እያፈኑ ፍጥነት የሚይዙበት ዘዴ አላቸው። እኔን ብትጠይቁኝ የናፍታ ዋጋ ያለው መውጣቱ ላይ ሳይሆን መውረዱ ላይ ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች በይፋ የተለያዩት በፎርድ ቤት ነው። የ1997ቱ ኤፍ-150 እንደ ቤት መኪና ለስላሳ ሆኖ መጣ፤ ከባዶቹ ደግሞ በ1999 ሞዴል «ሱፐር ዱቲ» ተብለው የራሳቸውን ሻንሲና ጋቢና ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ 150ና 250 የሚጋሩት ከስም ብዙም አያልፍም።

በዚህ መሐል የመጎተት አቅም የሚባለው ቁጥር ልጓም አልነበረውም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱ ለክቶ ራሱ ያውጅ ነበር፤ አንዱ 10,000 ካለ ሌላው 10,500 ይላል። በ2008 የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤኢ) ጄ2807 የሚባል የመለኪያ ደንብ አወጣ። የፈተናው ልክ የተወሰደው አሪዞና ውስጥ ካለው፣ ዴቪስ ዳም ከሚባለው ዳገት ነው፤ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አቀበት፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ፣ አየር ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። ባለ ነጠላ ጎማው ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች መውረድ የለበትም። መጀመሪያ የተገዛለት የጃፓኑ ቶዮታ በ2011 ቱንድራ ነው፤ አሜሪካኖቹ እስከ 2015 ገደማ አንገራገሩ። አንዳንዶቹ መኪኖች በአዲሱ ደንብ ሲለኩ ቁጥራቸው ወረደ።

ደንቡ ውሸቱን ቀነሰ እንጂ የገዢውን ችግር አልፈታም። የግማሽ ቶን የመጎተት ቁጥር ከ11,000 ፓውንድ አልፎ ሄዷል፤ የተሸካሚነቱ ቁጥር ግን አልተከተለውም፤ ጣሪያው መስታወት፣ ወንበሩ ቆዳ በሆነ ቁጥርም ይቀንሳል። እንቁጠረው። በሹፌሩ በር በኩል ያለው ወረቀት ሰዉና ዕቃው ተደምሮ ከ1,550 ፓውንድ አይለፍ ይላል እንበል። ካምፐሩ ተሞልቶ 7,000 ፓውንድ ነው። ከዚህ ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ያርፋል፤ በ13 በመቶ ብንይዘው 910። 640 ቀረ። አባት 180፣ እናት 150፣ ሦስት ልጆች 240፤ ይህ 570 ነው። የቀረው 70 ፓውንድ፣ 32 ኪሎ ነው፤ ክብደት የሚያከፋፍለው መንጠቆ ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። ምጣዱ፣ ጀነሬተሩ፣ የከሰሉ ከረጢትና የሥጋው በረዶ ሳጥን ገና አልተጫኑም። ሻጩ «11,000 ይጎትታል» ሲላችሁ አልዋሸም፤ እናንተ ግን መጎተት ብቻ ሳይሆን መሸከምም አለባችሁ።

ሄቪ ዱቲውም የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙዎቹ ሦስት አራተኛ ቶኖች ጠቅላላ ክብደታቸው ልክ 10,000 ፓውንድ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ ካለፉ ሌላ የክብደት መደብ ውስጥ ይገባሉና። የናፍታ ሞተር ደግሞ ከቤንዚኑ በብዙ መቶ ፓውንድ ይከብዳል። ስለዚህ ጌጠኛው ናፍታ ሦስት አራተኛ ቶን የሚሸከመው ከራሱ የቤንዚን ወንድም ያነሰ ነው፤ አንዳንዴ በደንብ ከታዘዘ ግማሽ ቶን እምብዛም አይበልጥም።

ለአውሮራ ልጆች የምሰጠው ፍርድ ይኸው ነው። ካምፐሩ ተሞልቶ ከ6,000 ፓውንድ የማያልፍ ከሆነ ግማሽ ቶን፣ ማለትም 150ውን፣ ግዙ፤ በቀረው ቀን ሥራ ትሄዱበታላችሁ፣ መኪና ማቆሚያም ይበቃዋል። ከ7,000 ካለፈ፣ ወይም ተሳቢው በመጫኛው መሐል የሚቀመጠው ዓይነት ከሆነና ዋሻውን የምትሻገሩ ከሆነ ሦስት አራተኛ ቶን በቤንዚን ይበቃል። ናፍታው ከ10,000 በላይ ለሚጎትትና ዓመቱን ሙሉ ተራራ ለሚወጣ ሰው ነው። ለድምፁ ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ ግን ገንዘቡ የራሳችሁ ነው፤ ዘይቱን እኔ እቀይርላችኋለሁ።