የውጫሌ ሁለተኛው ወረቀት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን ካለፈ በኋላ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌን ያገኛል። ከተማዋን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቃታለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተፈራረሙባት ናት። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ መሆኑን ለፈተና አጥንተናል።

ያላጠናነው ግን ከአምስት ወር በኋላ የተጻፈውን ሌላ ወረቀት ነው። እሱ ስለ ገንዘብ ነበር።

በመስከረም 1882 ደጃዝማች መኮንን ኢጣሊያ ድረስ ሄደው በናፖሊ ተጨማሪ ስምምነት ፈረሙ። ኢትዮጵያ ከአንድ የኢጣሊያ ባንክ 4 ሚሊዮን ሊሬ እንድትበደር፣ የኢጣሊያ መንግሥትም ዋስ እንዲሆን ተስማሙ። ግማሹ በብር ሊሰጥ፣ ግማሹ ደግሞ እዚያው ኢጣሊያ ተቀምጦ ከእነሱ ዕቃ ሊገዛበት ነው። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ሆነ። ክፍያው ከተጓደለ ኢጣሊያ ጉምሩኩን ራሷ ልታስተዳድር መብት ተሰጣት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሐረር ከአሚር ዐብዱላሂ እጅ ከወጣች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። የሐረር ነጋዴ በቡናውና በቆዳው ላይ የሚከፍለው ቀረጥ፣ እሱ ሳይጠየቅ፣ ባሕር ማዶ ለተፈረመ ብድር መያዣ ሆነ። የሀገር ዕዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ፈራሚው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

ይህ መያዣ ተራ ነገር እንዳልነበር ለማወቅ በዚያው ዘመን የሆነውን ማየት ይበቃል። ኦቶማን ቱርክ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1854፣ ከአውሮፓ መበደር ጀመረች። በ1875 መክፈል አቃታት። በ1881 አበዳሪዎቹ ኢስታንቡል ላይ የራሳቸውን የዕዳ አስተዳደር አቋቋሙና የጨውን፣ የትምባሆንና የሐርን ገቢ ራሳቸው ይሰበስቡ ጀመር። የዚያ ዕዳ የመጨረሻ ክፍያ የተፈጸመው በ1954 ነው፤ ግዛቱ ራሱ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በኋላ! ግብፅም በ1875 የስዊዝ ካናል ድርሻዋን ለእንግሊዝ ሸጠች፤ በማግስቱ ዓመት የዕዳ ኮሚሽን ተተከለባት፤ በ1882 የእንግሊዝ ጦር ገባ። መጀመሪያ የመጣው ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ወታደሩ ኋላ ደረሰ።

የእኛስ? ብድሩ ከተፈረመ በኋላ ያሉት ዓመታት «ክፉ ቀን» የምንላቸው ናቸው። የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰ፤ እርሻው ጦም አደረ፤ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ያም ሆኖ ምኒልክ ዕዳውን ከፈሉ። ከዚያም በየካቲት 1885 የውጫሌን ውል እንደማይቀበሉ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዓድዋ መጣ። ስለ ዓድዋ ስናወራ ጀግንነቱን እናነሳለን፤ ልክም ነው። ግን ከጦሩ በፊት የተዘጋ የሒሳብ መዝገብ እንደነበር አንርሳ። ዕዳው ቢቀር ኖሮ ኢጣሊያ ሐረርን ያለ ጥይት የምትጠይቅበት ወረቀት በእጇ ነበር።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር። በታኅሣሥ 2023 መከፈል የነበረበት 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ሰሞን የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ዛሬ ጉምሩካችንን የሚረከብ የለም። ዋጋው ግን በሌላ በር ይገባል፤ በዘይቱ፣ በነዳጁ፣ በመድኃኒቱ። የሐይቅ ገበያ ላይ ዘይት የምትገዛ እናት ቦንድ የሚባል ነገር ሰምታ ላታውቅ ትችላለች፤ ግን ትከፍላለች።

መበደር በራሱ ውርደት ነው እያልን አይደለም። መንገድም ግድብም በብድር ይሠራል። ጥያቄው ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? ምን ተያዘበት? ውሉን ማን አነበበው? የሚል ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገረው መሆኑ ያለ ነገር አይደለም።

ይህ ለመንግሥት ብቻ የሚነገርም አይደለም። ከመካከላችን ስንቱ ወጣት ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ሳያነብ ፈርሟል? ስንቱስ የአባቱን ቤት ካርታ አስይዟል? በቀጣይ በውጫሌ ስናልፍ አንቀጽ 17ን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንም ወረቀት እናስታውስ። ከመፈረማችን በፊት እናንብብ። ከፈረምን ደግሞ እንክፈል።