በለቅሶ ላይ የቃል ወግ፤ ከሙሾ እስከ ሕይወት ታሪክ

«የሞተ ተጎዳ» ይባላል። ነገር ግን በለቅሶ ላይ የሚወጣ ቃል የሚያገኘው የቆመውን ሰው ነው፤ ሟችማ አይሰማም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ከመርዶ ጀምሮ ለንግግሩ ወግ አበጅተውለታል።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ከመንገድ የመጣ እንደሆነም ዐረፍ ካለ በኋላ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ሰው ደንግጦ እንዳይጎዳ ነው። መርዶ የመንግሥት ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ አለ። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አገር እንዳይናወጥ ተብሎ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል።

ከመርዶ ቀጥሎ ሙሾ ይመጣል። አልቃሿ የሟቹን ዘር፣ ጀግንነትና ደግነት በግጥም ታወርዳለች፤ ተሰብሳቢው ይቀበላታል። ለትልቅ ሰው ለቅሶ ፈረሱ ከነዕቃው፣ ጋሻውና ጠመንጃው ይወጣ ነበር። በፈረስ ስሙም ይጠራ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደተባሉት ማለት ነው። ታዲያ ሙሾ ውዳሴ ብቻ እንዳይመስለን። ንፉጉን ዘመድና በጭንቅ ቀን ያልደረሰውን ጎረቤት በሰምና ወርቅ ይነካል። በሌላ ቦታ ቢነገር የሚያጣላው ነገር ለአልቃሽ ይታለፍላታል። ሟቹን ግን በክፉ ማንሣት ነውር ነው፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የምንለውም ለዚሁ ነው።

ከተማ ሲሰፋ ነገሩ ተለወጠ። ዕድር በአዲስ አበባ፣ በተለይም ከጠላት ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በኋላ ሲስፋፋ፣ ከየአገሩ የመጣ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ሰው በአንድ ድንኳን ተቀመጠ። አንዱ የሚያወርደውን ሙሾ ሌላው መቀበል ያዳግተዋል። እየቆየም በወረቀት ተጽፎ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ልማድ ሆነ።

ቃል ብቻ ሳይሆን እንባም የተከለከለበትን ዘመን ደግሞ አይተናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ድንኳን የለ፣ ጥሩምባ የለ፤ ሐዘኑ በጓዳ ታፍኖ ቀረ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞተው በወግ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ 25 ዓመት አልፎ ማለት ነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን ጠብቆ የሚቀብረው፣ በወግ ያልተለቀሰለት ሞት ከልብ ስለማይወጣ ነው።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? አንደኛ፣ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከማንበቡ በፊት ለቤተሰቡ ያሳይ። የልጆችን ስም ሲዘረዝሩ አንዱን መዝለል፣ በተለይ ከሌላ እናት ወይም ከሌላ አባት የተወለደውን፣ በሕዝብ ፊት ልጅ አይደለህም እንደማለት ነው። በመቃብር ላይ የተዘለለ ስም በኋላ ስንቱን ቤተሰብ ሊያጣላ ይችላል! ሁለተኛ፣ ሟቹ ያልሠራውን አንጨምርለት፤ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ እዚያው ቆመዋል እኮ። ሦስተኛ፣ ድንኳን ገብቶ «ምን ነካው? ለምን ሌላ ሐኪም ቤት አልወሰዳችሁትም?» ማለት ይቅር። ቤተሰቡ ይህን ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ራሱን ሲጠይቅ ያድራል።

የሚበቃው ቃል አጭር ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»፣ ሙስሊሙ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ነው። ዕድርተኛ ከድንኳኑና ከአግዳሚው ጋር ይዞት የሚመጣው ትልቁ ነገር ይኸው አብሮ መቀመጡ ነው።