ስለ ድርጅቶች በሚጻፉ ጥናቶች የምሁራን ኃላፊነት (ናይሮቢ)

ምሁራን ስለ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ኩባንያ ወይም ስለ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲጽፉ ለሚጠናው ድርጅት፣ ለመረጃ ሰጪዎቻቸውና የድርጅቱ ሥራ ለሚነካቸው ሰዎች ያለባቸው የሥነ ምግባር ግዴታ። ፈቃድ መጠየቅን፣ ምስጢር መጠበቅን፣ የጥቅም ግንኙነትን መግለጽንና ለትችት መልስ መስጠትን ይጨምራል።

የካዮሌ ሶዌቶ ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2020 አይዳን ኮቪል፣ ሴባስቲያን ጋሊያኒ፣ ፖል ገርትለርና ሱሱሙ ዮሺዳ በናይሮቢ የድሆች መንደሮች ስላለው የውኃ ክፍያ ያዘጋጁትን ጥናት በአሜሪካ ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ በኩል አወጡ። ሥራው ከናይሮቢ ከተማ የውኃና ፍሳሽ ኩባንያ ጋር በካዮሌ ሶዌቶ ሰፈር የተካሄደ ነበር። ውዝፍ ዕዳ ካለባቸው አከራዮች መካከል በዕጣ ለተለዩት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ያልከፈሉት ውኃቸው ተቋረጠ። በሰፈሩ በርካታ ተከራዮች አንድ ግቢ ይጋራሉ፤ ሒሳቡን ለኩባንያው የሚከፍለው ግን አከራዩ ነው። ስለዚህ ዕዳው የአከራዩ ሆኖ ሳለ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚወጣው ተከራዩ ነው።

ጥናቱ ክፍያ በእጅጉ መጨመሩን ገልጿል። ከዘጠኝ ወር በኋላ በተከራዮች የውኃ አቅርቦትም ሆነ በአእምሮ ጤንነታቸው ላይ ለውጥ አላገኘም። ተቺዎች ግን ተከራዮቹ ፈቃዳቸውን ተጠይቀዋል ወይ፣ ውኃ በተቋረጠበት ሰሞን የደረሰው ጉዳትስ ከዘጠኝ ወር በኋላ በሚሰበሰብ መረጃ ይታያል ወይ ሲሉ ሞገቱ። አዘጋጆቹ ባልከፈለ ደንበኛ ላይ ውኃ ማቋረጥ ቀድሞም የኩባንያው መብትና አሠራር እንደነበረ መለሱ። መልሱ ከፊል እውነት ቢኖረውም የሚያጠግብ አይመስልም፤ ማቋረጡ የኩባንያው ሥልጣን ቢሆንም፣ ማስጠንቀቂያው የትኛው ግቢ እንደሚደርስ የወሰነው የጥናቱ ዕጣ ነውና። ከዚህም ሌላ ኮቪልና ዮሺዳ የዓለም ባንክ ባልደረቦች ነበሩ፤ ባንኩ ደግሞ የከተማዋን የውኃ ዝርጋታ በገንዘብ የሚደግፍ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊዎቹን ለድርጅቱ ጉዳይ ባዕድ አድርጎ መቁጠር ያስቸግራል።

ስም መደበቅ

የድርጅትን ስም መሸሸግ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። እንደ ውኃ ኩባንያው በከተማው አቻ ለሌለው ተቋም ግን እምብዛም አይጠቅምም።

ሕግና ደንብ

በኬንያ እ.ኤ.አ. የ2013 የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ሕግ ተመራማሪ ከዘርፉ ብሔራዊ ኮሚሽን ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ የግለሰቦችን መረጃ ይጠብቃል። በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ፍትሕን፣ አክብሮትን፣ እንክብካቤንና ሐቀኝነትን መሠረት ያደርጋል፤ በዝግጅቱ የናይሮቢ ሴተኛ አዳሪዎች ሐሳባቸውን ሰጥተዋል።

ኢትዮጵያ

ለንጽጽር ያህል፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ አምስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል።