የፍጥነት ክብረ ወሰን በባትሪ
መኪና መንዳት ነፍሳቸው የሆነ ሰዎች «የኤሌክትሪክ መኪና ምን ለዛ አለው?» ሲሉ እንሰማለን። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1899 ቤልጅየማዊው ካሚይ ዠናትዚ ፓሪስ አቅራቢያ «ላ ዣሜ ኮንታንት» (መቼም የማትረካው) በተባለች መኪናው በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር ከነፈ። በመንገድ ላይ በመኪና 100ን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። መኪናዋ ታዲያ ቤንዚን የሚባል አታውቅም፤ የምትሄደው በባትሪ ነበር!

ቤንዚን ኋላ ላይ ለምን አሸነፈ? የያኔው የእርሳስ ባትሪ ከባድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ቤንዚን ግን በትንሽ ጋን ብዙ ጉልበት ይይዛል። በ1912 ካዲላክ ሞተሪኖ ሲገጥምለት ደግሞ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የማስነሳቱ ጣጣ ቀረ።

በ2018 ግን ሮማን ዱማ በፎልክስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና አሜሪካ የሚገኘውን የፓይክስ ፒክ ተራራ ውድድር በ7 ደቂቃ ከ57 ሴኮንድ ጨረሰ፤ ከ8 ደቂቃ በታች የገባ ከእሱ በፊት አልነበረም። ምክንያቱም ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እንጦጦን በአሮጌ መኪና የወጣ ሰው እንደሚያውቀው የቤንዚን ሞተር ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለማቃጠል አየር አይፈልግም።

እንግዲህ ፍጥነት ለሚወድ መልሱ «አዎ፣ ይተካል» ነው። የሞተር ድምፅና ማርሽ መቀያየር ለሚናፍቅ ግን መልሱ እንደየሰዉ ስሜት ይለያያል።