አንዱን ቃል የሰሙ ሦስት ነገሥታትና አንድ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ

የእግዚአብሔር ቃል በጉባኤ ሲነበብ ድምፁ ለሁሉ ጆሮ እኩል ይደርሳል፤ ፍሬው ግን እንደ ሰሚው ልብ የተለያየ ነው። ይህም ነገር በታሪክ ተፈጽሞ የታየው በይሁዳ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን አንድ ንጉሥና ሁለት ልጆቹ በየተራቸው የእግዚአብሔርን ቃል ሰሙ፤ ከእነርሱም ጋር አንድ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ሰማ።

ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ዓመት ገደማ፥ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። ጸሐፊው ሳፋንም መጽሐፉን ወስዶ በንጉሡ ፊት አነበበው። ቃሉ ተግሣጽ ነበረና ንጉሡ ልብሱን ቀደደ፤ ወደ ነቢይቱ ሕልዳናም መልእክተኞችን ላከ። ነቢይቱም ጥፋቱ እንደማይቀር፥ ነገር ግን ንጉሡ ራሱን ስላዋረደ በእርሱ ዘመን እንደማይሆን አስታወቀች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ኢዮስያስ ቢታዘዝ መንግሥቱ ለዘወትር ይድናል የሚል ተስፋ አልተሰጠውም። ቢሆንም ሕዝቡን ሰብስቦ መጽሐፉን በጆሯቸው አነበበ፥ ጣዖታቱን አስወገደ፥ ፋሲካንም በሕጉ መሠረት አደረገ። መታዘዙ ዋጋ የተቈረጠለት ንግድ አልነበረም፤ ያዘዘው እግዚአብሔር መሆኑ በቃው።

ኢዮስያስ በ609 ዓመት በመጊዶ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ኢዮአቄም ነገሠ። በ605 ዓመት የባቢሎን ሠራዊት በከርከሚሽ የግብፅን ሠራዊት ድል ባደረገበት ወራት፥ ነቢዩ ኤርምያስ በ23 ዓመት ውስጥ የተናገረውን ቃል ጸሐፊው ባሮክ ከአፉ እየሰማ በክርታስ ጻፈው። በሚከተለው ዓመት ክርታሱ በንጉሡ ፊት ሲነበብ ጊዜው ብርድ ነበረና እሳት ይነድ ነበር። አንባቢው ይሁዲ ሦስት ወይም አራት ዐምድ ባነበበ ቍጥር ንጉሡ በጸሐፊ ካራ እየቈረጠ፥ ክርታሱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ እሳቱ ጣለው። አባት ቃሉን ሰምቶ ልብሱን ቀደደ፤ ልጅ ግን ልብሱን ሳይቀድ መጽሐፉን ቀደደ። የሳፋን ልጅ ገማርያና ሁለት ባልንጀሮቹ ክርታሱ እንዳይቃጠል ንጉሡን ለመኑት፤ አልሰማቸውም። ኤርምያስ ግን ያንኑ ቃል እንደ ገና አጻፈ፥ ሌላም ብዙ ጨመረበት።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓመት በጥንታዊቱ ኢየሩሳሌም በተደረገ ቁፋሮ፥ የሳፋን ልጅ ገማርያ የሚል ስም የታተመበት የጭቃ ማኅተም ተገኝቷል። ማኅተሙ ያሸገው ጽሑፍ ከተማይቱ በተቃጠለች ጊዜ ዐመድ ሆነ፤ ጭቃው ግን በዚያው እሳት እንደ ሸክላ ጠንክሮ እስከ ዛሬ ደረሰ።

የኢዮስያስ ሌላው ልጅ ሴዴቅያስ በ597 ዓመት በናቡከደነፆር ተሹሞ ነገሠ። እርሱ እንደ ወንድሙ መጽሐፍ አላቃጠለም፤ እንዲያውም ነቢዩን በስውር እያስጠራ ይጠይቅ ነበር። ጕድለቱ ከሰማ በኋላ ነው። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን በከበቧት ጊዜ፥ ሕጉ በሰባተኛው ዓመት የሚያዘውን የባሮች ነጻነት አወጀ፤ ጌቶቹም ለሁለት በተከፈለ እንቦሳ መካከል አልፈው ቃል ኪዳን ገቡ። ወዲያው ግን የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ ወጣ፥ ባቢሎናውያንም ከከተማይቱ ለጊዜው ራቁ። ያን ጊዜ ጌቶቹ ነጻ ያወጧቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። መታዘዛቸው ከፍርሃት ተወልዶ ነበርና ፍርሃቱ ሲያልፍ አብሮት ሞተ። የኢዮቤልዩ ሕግ በ50ኛው ዓመት ለባርነት የተሸጠው ወደ ወገኑ እንዲመለስ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ጉባኤ ይህን ታሪክ ሳያስብ ሊያልፈው አይገባም።

ጠላትም ተመለሰ። ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች ከኢየሩሳሌም ሌላ የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ነበሩ። በ1935 ዓመት በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የለኪሶን የእሳት ምልክት እንደሚጠባበቁ፥ የዓዜቃን ግን ማየት እንዳልቻሉ ይናገራል።

በዚያ ጭንቅ ኤርምያስ ወደ ባቢሎናውያን የሚወጣ ሁሉ በሕይወት እንደሚኖር ስለ ተናገረ፥ መኳንንቱ የተዋጊዎችን እጅ ያደክማል ብለው ከሰሱት። ከከሳሾቹ የሁለቱ፥ የሰሌምያ ልጅ የዮካልና የጳስኮር ልጅ የጎዶልያስ ስም ያለባቸው ማኅተሞች በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከኢየሩሳሌም አፈር ወጥተዋል። ንጉሡ እነርሱን ለመከልከል አቅም እንደሌለው ተናግሮ ነቢዩን አሳልፎ ሰጠ። እነርሱም በገመድ ወደ ጕድጓድ አወረዱት፤ ጕድጓዱ ውኃ ያልነበረበት ጭቃ ነበረና ነቢዩ በጭቃው ውስጥ ሰጠመ።

በንጉሡ ቤት አቤሜሌክ የሚባል ጃንደረባ ነበረ። ስሙ በዕብራይስጥ የንጉሥ አገልጋይ ማለት ነው፤ ዕብራይስጡ ኩሻዊ የሚለውንም የእኛው መጽሐፍ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። እርሱ በባዕድ አገር ያለ ወገን የሚኖር ሰው ሲሆን፥ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ በአደባባይ ቀርቦ መኳንንቱ ክፉ እንዳደረጉ፥ ነቢዩም በረኃብ ሊሞት እንደ ሆነ ተናገረ። ፈቃድ ባገኘ ጊዜም ሰዎችን ይዞ ሄደ። አስቀድሞ ግን ከንጉሡ ዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ አመጣ፤ ገመዱ እንዳይቈርጠውም ነቢዩ ጨርቁን ከብብቱ በታች እንዲያደርግ ነገረው። እንዲህም ሆኖ ኤርምያስ ከጭቃው ወጣ።

ከዚህ በኋላ ሴዴቅያስ ነቢዩን እንደ ገና በስውር ጠየቀው። እጁን ቢሰጥ ከተማይቱ እንደማትቃጠል ተነገረው፤ እርሱ ግን ቀድመው ወደ ጠላት የገቡት አይሁድ እንዳይሣለቁበት እንደሚፈራ ገለጠ። ቃሉን አምኖ ይሁን ሳያምን፥ አልታዘዘም። በነገሠ በ11ኛው ዓመት፥ በ587 ወይም በ586፥ ቅጥሩ ተጣሰ፤ ንጉሡ ሲሸሽ በኢያሪኮ ሜዳ ተያዘ፥ ልጆቹ በፊቱ ተገደሉ፥ ዓይኖቹም ጠፉ፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ።

ለአቤሜሌክ ግን በእግዚአብሔር ስለ ታመነ ነፍሱ እንደ ምርኮ እንድትሆንለት ተስፋ ተላከለት። በዚያው ተስፋ ውስጥ ለሚፈራቸው ሰዎች ተላልፎ እንደማይሰጥ ተነግሮታል፤ እንግዲህ እርሱም ይፈራ ነበር ማለት ነው። ንጉሡም አገልጋዩም ፈርተዋል፤ አንዱ ፍርሃቱን ታዘዘ፥ ሌላው ፍርሃቱን ይዞ ለጽድቅ ቆመ። መጽሐፍ ስለ እምነቱ የተናገረውን አንድ ቃል እንኳ አልጻፈለትም፤ የተጻፈለት ልመናው፥ ጨርቁና ገመዱ ነው። እግዚአብሔር መታመን ብሎ የቈጠረለት ይህን ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው ተረፈ ባሮክም ይህ ሰው ከተማይቱ ስትጠፋ እንዳያይ 66 ዓመት እንዳንቀላፋ፥ ሲነቃም በመሶቡ የነበረው በለስ እንዳልደረቀ ይተርካል።

ምእመናን ሆይ፥ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ቃሉ ስንት ጊዜ እንደ ተነበበ ቈጥሮ የሚጨርስ የለም። በኢዮቤልዩ ቀን የሚጠየቀው ግን ከንባቡ በኋላ ከጭቃ የወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ጨርቁና ገመዱ በየቤቱ አለ፤ የሚጐድለው ተነሥቶ የሚሄድ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።