ልጅን ከእናቱ የለየው በር

ዛሬ ከጦርነትና ከነገሥታት ወጣ ብለን የአንድ በር ታሪክ እናውጋ። ቀኑ ሳይደርስ ወይም ታሞ የተወለደ ጨቅላ የሚተኛበት፣ እኛ አገር «ሙቀት ክፍል» የምንለው ክፍል በር ነው። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል በዚያ በር ደጃፍ ሳምንታት የቆማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጫጩት ነው። ስቴፋን ታርኒየ የሚባል የፓሪስ የማዋለድ ሐኪም በከተማዋ መካነ እንስሳት ጫጩት የሚፈለፈልበትን ማሞቂያ አየና ለሕፃን የሚሆን አሠራ። በ1880 ገደማ ማሞቂያው ፓሪስ ማተርኒቴ ሆስፒታል ገባ። ከ2 ኪሎ በታች ሆነው ከሚወለዱት 100 ሕፃናት መካከል 66ቱ ይሞቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ 38 ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ከቆዳው ሥር በቂ ስብ ስለሌለው ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ሰውነቱን ለማሞቅ ሲታገል ያለችውን ጥቂት ጉልበት ይጨርስና መተንፈሱም መጥባቱም ያቅተዋል።

ማሞቂያው ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የታርኒየ ተከታይ የነበረው ፒየር ቡዳን ይህን ቀድሞ አስተውሏል። ልጇን እንዳትንከባከብ የተከለከለች እናት ቀስ በቀስ ከልጇ ትርቃለች፤ ልጁ ድኖ ቢወጣ እንኳ ወተቷ ደርቆ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቡዳን እናቶች ልጆቻቸው አጠገብ ሆነው እንዲያጠቡ አጥብቆ ይመክር ነበር።

ምክሩ ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም። እንዲያውም ነገሩ ወደ ትርዒት ዞረ። ማርቲን ኩኒ የሚባል ሰው ኒውዮርክ ውስጥ ኮኒ አይላንድ በተባለ መዝናኛ ከ1903 እስከ 1943 ሕፃናትን በማሞቂያ ውስጥ አድርጎ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ተመልካች 25 ሳንቲም ከፍሎ ይገባል፤ ሕፃናቱ በዚያ ገንዘብ በነፃ ይታከማሉ። ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት የተረፉት ሆስፒታሎች «ይሄ አይድንም» ብለው ተስፋ በቆረጡባቸው ጊዜ ነው።

በሆስፒታሎቹ በኩል ደግሞ በሩ ይበልጥ ተጠረቀመ። ያኔ አንቲባዮቲክ የለም። ተቅማጥ ወይም የሳንባ ምች አንዴ ከገባ ክፍሉን ሙሉ ይጨርሳል። ሐኪሞቹ ጀርም ከውጭ የሚያመጣው ጠያቂ ነው ብለው ስለፈሩ ወላጅንም ከጠያቂ ቆጠሩት። በእንግሊዝ አንዳንድ ሆስፒታሎች እናት ልጇን የምታየው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነበር። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ችግሩ አንቲባዮቲክ ከመጣም በኋላ በሩ እንደተዘጋ መቅረቱ ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በነሐሴ 1963 ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ሳንባው ግን አልበሰለም። ልጁ ወደ ቦስተን ሲወሰድ እናቱ ዣክሊን በወለደችበት የጦር ሰፈር ሆስፒታል ቀረች። ልጁ በተወለደ በ39 ሰዓቱ ሞተ። የዓለም ኃያሉ አገር መሪ ልጅ ያላመለጠው በሽታ ዛሬ በብዙ ቦታ ይታከማል። የእናትና የልጁ መለያየት ግን ያኔ እንደ ደንብ የሚታይ ነገር ነበር።

በሩን የሚያንኳኩ ሰዎች ግን አልጠፉም። ጄምስ ስፔንስ የተባለ ሐኪም ከ1920ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ ኒውካስል እናቶችን ከታመሙ ልጆቻቸው ጋር አብሮ ያስተኛ ነበር። በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ልጅ ያለ እናቷ እንዴት እንደምትሰበር በፊልም ቀርጾ አሳየ፤ ብዙ ሐኪሞች ተቆጡበት። በ1959 ግን ፕላት ሪፖርት የሚባለው የመንግሥት ጥናት ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ልጃቸውን ይጠይቁ ብሎ ደመደመ። በ1970ዎቹ መባቻ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እናቶችን እጃቸውን እያስታጠቡ ወደ ጨቅላዎች ክፍል ያስገቡ ተመራማሪዎች የተፈራው ኢንፌክሽን አለመጨመሩን አሳዩ።

በሩን ከማጠፊያው የነቀለው ግን ሀብታም አገር አይደለም። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ በአንድ የድሆች ሆስፒታል ማሞቂያ አይበቃም። ሁለትና ከዚያ በላይ ሕፃናት በአንድ ማሞቂያ ይተኛሉ፤ ኢንፌክሽን ይጋባሉ፤ ትተዋቸው የሚሄዱ እናቶችም ነበሩ። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ቸገረውና ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ አሰረው። ባልደረባው ሄክቶር ማርቲኔዝም ሥራውን አብሮት ገፋበት። ካንጋሮ ልጇን በኪሷ እንደምትይዝ ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የእናት ደረት ሙቀት ይሰጣል፤ የልጁን ትንፋሽና የልብ ምት ያረጋጋል፤ ወተቷንም ይጠራል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰዎች የሚመጡት። ብዙ ሐኪሞች «ካንጋሮ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ልጁ ይረጋጋ» ይሉ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶ/ር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው 123 ዝቅተኛ ክብደት ያላቸውን ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሞከሩት። አንደኛው ቡድን ሳይረጋጋ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እናቱ ደረት ላይ ዋለ። በ2005 ባሳተሙት ውጤት በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ ሲሞቱ ከእናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባደረገው ትልቅ ጥናትም ወዲያው መጀመር ሞትን በ25 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። በዚያ ጥናት የእናቲቱ አልጋ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውስጥ ነበር። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ጥያቄውን ያነሳችው ዓለም ከመስማማቱ ከ15 ዓመት በላይ ቀድማ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለፈተና አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጁ በሰባት ወር ተወልዶ 41 ቀን ሆስፒታል ቆየ። ሚስቱ በየሦስት ሰዓቱ ወተቷን እያለበች ትሰጣለች፤ ልጁ መጥባት ገና ስላልቻለ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ይመገባል። ከ34 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ መምጠጥን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስተባበር ይከብደዋል። በመሐሉ እሷ የምታርፈው ኮሪደር ላይ ነው። እሱ ደግሞ አስተምሮ፣ ፔርሙስ አጥሚት ይዞ ሲሮጥ ይደርስና «አባት አይገባም» ይባላል። የአባት ደረትም እንደ እናት ደረት እንደሚሞቅ የነገረው አልነበረም። እናቲቱ ስትደክም ተራ መቀበል ይችል ነበር።

ሕጋችንም ቢሆን ገና ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን አላት። ልጇ ሆስፒታል ያሳለፈው ጊዜ ግን ከዚያው ላይ ይቆጠራል፤ ልጁን ይዛ ቤት ስትገባ ፈቃዷ ተጋምሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ቤተሰብ በሕክምናው ውስጥ ይሳተፍ፣ ለወላጆችም ድጋፍና ፈቃድ ይሰጥ ይላል።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ ወላጅ ጠያቂ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው። ጠያቂ ከሆነ በሰዓቱ ይውጣ እንላለን፤ የሕክምናው አካል ከሆነ ግን ወንበር፣ ምግብና እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

እኛስ? ሆስፒታሉን ባንቀይር የቅርባችንን ሰው ማገዝ እንችላለን። ሄዳችሁ «ስንት ኪሎ ነው? ይተርፋል ወይ?» አትበሉ። «ምን ሆና ነው ቀኑ ሳይደርስ የወለደችው?» ብላችሁማ በፍጹም እንዳትጠይቁ፤ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ትኩስ ምግብ አድርሱ። የታክሲ ሸፍኑ። ቤት የቀረውን ታላቅ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሱ። የአባትየውን ፈረቃ ያዙለት። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ ከሦስቱ ቀን በላይ ጨምሩለት፤ አዋጁ አይከለክላችሁም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ያኔ ምን እንደጠቀማችሁ ከታች ጻፉልን። ዛሬ ማታ በር ላይ ያለ አንድ አባት ያነበው ይሆናል።

ጨቅሎቻችንን ያሳድግልን። ቸር እንሰንብት።